ውሃው ሲጎድል እሳቱን ማን ያጠፋዋል?



ከደነባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በመጓዝ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ በ1957 ዓ.ም. የተሠራውን የሱፍ ፋብሪካ፥ ከብዙ ዘመን በኋላም የተተከሉትን የዳሸንንና የሐበሻን የቢራ ፋብሪካዎች ያገኛል። ሱፍ ማጠብና ማቅለም፥ ቢራም መጥመቅ ብዙ እንፋሎት የሚፈልግ ሥራ ነው። እንፋሎቱን የሚያመነጨው የብረት ጋን ቦይለር ይባላል።

ጀበና ውሃው አልቆ እሳት ላይ ቢረሳ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱም በዚያው ይቀራል። የቦይለር ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ብረቱ እሳቱን ችሎ የሚኖረው ውሃው ሙቀቱን ዘወትር ስለሚወስድለት ነው። ውሃው ጎድሎ ብረቱ የተራቆተ እንደሆነ ግን ይግላል፤ የጋለ ብረትም ትናንት ያለ ችግር የተሸከመውን ግፊት ዛሬ መሸከም ይሳነዋል። ብዙ ሰው የሚተማመንበት የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ በዚህ ጊዜ አያድንም፤ የሚከፈተው ግፊት ሲበዛ እንጂ ውሃ ሲጎድል አይደለምና። ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ በክፍት ቦታ 1,600 ሊትር ያህል እንፋሎት ይወጣዋል። የሚገባው እሳቱን አጥፍቶ ቦይለሩ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ነው።

በእንግሊዝ አገር ትሬቪቲክ የተባለው መሐንዲስ የሠራው ቦይለር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1803 ግሪንዊች ላይ ፈንድቶ ሰው ስለ ገደለ፥ መሐንዲሱ ውሃ ሲጎድል የሚቀልጥ የእርሳስ ውታፍ አበጀ። ዛሬ ይህን ተግባር የሚፈጽመው በአብዛኛው ተንሳፋፊ ኳስ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ዘንግ ነው፤ ውሃው ከተወሰነው ልክ ሲወርድ የነዳጁን ማቃጠያ ያጠፋል።

ነገር ግን ኳሱ ያለበት ዕቃ በደለል ይሞላል። ኳሱም ከደለሉ ላይ ተቀምጦ፥ ውሃ ሳይኖር ውሃ አለ ብሎ ይመሰክራል! ስለዚህ እሳቱ እየነደደ የመቆጣጠሪያውን ማጠቢያ ቧንቧ ከፍቶ ማቃጠያው መጥፋቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታው ለሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት ጠንቅ እንዳይሆን የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም በሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ እንዲገባ ፈቅዷል። እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ፊርማና ማኅተም ካየን ልባችን ያርፋል። ተቆጣጣሪው ግን መዝገቡን ከማገላበጡ በፊት፥ ተረኛው ሠራተኛ ሙከራውን በፊቱ እንዲያደርግ ይጠይቅ፤ የሌሊቱም ተረኛ እንዲሁ ማድረግ ያውቅ እንደሆነ ይመርምር።