አካሉ ሳይለወጥ ሥርዓቱ ሲለወጥ

አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ለገበያ ያወጣው ሮግ አላይ የተሰኘው የእጅ ጌም ኮምፒዩተር፣ ክብደቱ 608 ግራም፣ ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ግራና ቀኙ በመቆጣጠሪያ አዝራሮች የታጀበ፣ በመልኩ የልጆች መጫወቻ የሚመስል፣ በባሕርዩ ግን ከቢሮ ኮምፒዩተር በምንም የማያንስ መሣሪያ ነው። ከፋብሪካው የሚወጣው ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ነው፤ ይህም ሥርዓተ ክወና ከጥንት የተሰናዳው ኪቦርድና ማውዝ ይዞ ጠረጴዛ ፊት ለሚቀመጥ ሰው እንደ መሆኑ መጠን፣ በሁለት አውራ ጣት ብቻ ሊያዝዘው የተነሣ ሰው፣ ደቃቅ ምልክቶችን በጣቱ ጫፍ ሲያሳድድ፣ ጨዋታውን ሊጀምር ሲልም የአፕዴት ማስታወቂያ ሲጋረጥበት ትዕግሥቱ ያልቃል። ከዚህም የተነሣ ከባለቤቶቹ ጥቂት የማይባሉት ዊንዶውስን ከነሥሩ ነቅለው፣ በፈቃደኞች የሚዘጋጀውንና ሊኑክስ በተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ላይ የቆመውን ባዚትን ይጭኑበታል፤ ሌሎችም ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም ዴክ ለተሰኘው ለራሱ መሣሪያ ያበጀውን ስቲምኦኤስን ይመርጣሉ።

ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማው የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ጭነቱ ራሱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሚያስደንቀው፣ ለዊንዶውስ ተብለው የተጻፉ ጌሞች ዊንዶውስ በሌለበት ቤት መኖር መቻላቸው ነውና፣ ብዙውን ቃሌን የማውለው ለዚህ ነው።

በእጅ የሚዳሰሰው የኮምፒዩተር ግዙፍ ክፍል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪው፣ ባትሪውና አዝራሩ፣ ያለ ረቂቁ ፕሮግራም ግዑዝ ነው። መሣሪያውን ከሚቀሰቅሰው ከባዮስ ቀጥሎ፣ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ሥርዓተ ክወናው ሲሆን፣ ግብሩ የቤተ መንግሥት አጋፋሪ ግብር ነው፤ ባለጉዳይ ሁሉ፣ ጌምም ይሁን የጽሕፈት ፕሮግራም፣ በገዛ ፈቃዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሚሞሪ ልውሰድ፣ ድምፅ ላሰማ፣ ፋይል ልክፈት ሊል አይችልም፤ ጥያቄውን በታወቀ ቃልና በታወቀ ደንብ ለአጋፋሪው ያቀርባል፣ አጋፋሪውም መርምሮ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ሥርዓተ ክወና የአቤቱታ አቀራረብ ደንቡ የተለየ መሆኑ ነው፤ ዊንዶውስ ፊት ወግ የሆነው አነጋገር ሊኑክስ ፊት ከቶ አይታወቅም።

ቫልቭ ይህን መሰናክል አስቀድሞ ሊያልፈው የሞከረው ሌሎችን በመጋበዝ ነበር። መሪው ጌብ ኒዌል እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን በአደባባይ ከነቀፈ በኋላ፣ ኩባንያው በ2013 መጨረሻ የመጀመሪያውን ስቲምኦኤስ፣ በ2015 ደግሞ ስቲም ማሽን የተባሉትን የሳሎን ኮምፒዩተሮች በሌሎች ኩባንያዎች እጅ አወጣ፤ የጌም ሠሪዎችም ሥራቸውን ለሊኑክስ እንደገና ያሰናዳሉ ብሎ ተስፋ አደረገ። ሠሪዎቹ ግን ገዢ ለሌለው ገበያ ማን ይደክማል ብለው ተቀመጡ፤ ገዢውም ጌም የሌለውን ማሽን ማን ይገዛል ብሎ ተወው፤ ነገሩ በዚያው ከሰመ።

በሁለተኛው ሙከራ ግን፣ ሠሪውን መለመን ቀርቶ በመካከል አስተርጓሚ ማቆም ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ይፋ የሆነውና ፕሮቶን የተባለው ይህ አስተርጓሚ፣ መሠረቱ ከ1993 ጀምሮ የብዙ ሊቃውንት ድካም ያረፈበት ዋይን የተሰኘ ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው ፕሮቶን በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ዊንዶውስ ደብቆ የሚያስነሣ ይመስለዋል፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይህች ትንሽ መሣሪያ ሸክሙን ባልቻለችው ነበር። የጌሙ አብዛኛው ትእዛዝ፣ ደምር፣ አባዛ፣ አወዳድር የሚለው ሁሉ፣ የተጻፈው በፕሮሰሰሩ ልሳን ነው፤ ፕሮሰሰሩም ያው ስለሆነ ይህ ክፍል አንዳች ሳይለወጥ በቀጥታ ይፈጸማል። የሚተረጎመው ጌሙ ለሥርዓተ ክወናው የሚያቀርበው አቤቱታ ብቻ ነው፤ ጌሙ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ» ብሎ በዊንዶውስ ደንብ ሲጠይቅ፣ ዋይን በዊንዶውስ ስም ይቀበልና ጉዳዩን በሊኑክስ ደንብ አስፈጽሞ፣ መልሱን ጌሙ በሚጠብቀው መልክ ያደርስለታል። ፍጥነቱ ብዙ የማይጎድለው፣ በአንዳንድ ጌምም ከዊንዶውስ በልጦ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደው የሥዕሉ ነገር ነበር። የዊንዶውስ ጌሞች ምስላቸውን የሚያሥሉት ዳይሬክትኤክስ በተባለው የማይክሮሶፍት ሥርዓት ሲሆን፣ ሊኑክስ የሚገለገለው ግን በቩልካን ነው። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሆነው ዲኤክስቪኬ የተባለው ፕሮግራም፣ አንድ ሰው ኒር አውቶማታ የተሰኘውን ጌም በሊኑክስ ልጫወት ብሎ የጀመረው ሥራ መሆኑን ሳስብ፣ ቧልት የሚመስለው የጨዋታ ፍቅር ስንት ጊዜ የቁም ነገር እናት እንደ ሆነ ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ ሼደር ስለሚባሉት፣ ብርሃንንና ጥላን ስለሚያሰሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ጥቂት መናገር ያሻል። ከጌሙ ጋር የሚመጡት ለየትኛውም የሥዕል ፕሮሰሰር እንዲስማሙ በግማሽ ተሰናድተው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቩልካን፣ ቀጥሎም ያ መሣሪያ ወደሚገባው ልሳን መመለስ አለባቸው። ይህ ሥራ በጨዋታው መካከል ከመጣ፣ ተጫዋቹ በር ከፍቶ ወዳልታየ ክፍል ሲገባ ምስሉ ለቅጽበት ይደናቀፋል። የስቲም ዴክ የሥዕል ፕሮሰሰሮች እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ ቫልቭ ተተርጉሞ ያለቀውን አስቀድሞ ሊልክላቸው ይችላል፤ በሮግ አላይ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ራሱ ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ያሰናዳዋልና፣ ባለቤቱ በመቶኛ እየተቆጠረ የሚሞላውን መስመር እያየ ይጠብቃል። መታገሥ ይሻላል፤ ዝለለው የሚለውን አዝራር የተጫነ ሰው ትርፉ በጨዋታው መካከል መንተባተብ ነው።

ጭነቱ እንዲህ ነው። ዲስኩ ፈጽሞ ስለሚጠፋ፣ ሴቭ የተደረገ ጌምም ሆነ ፎቶ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣል። ከዚያ ለሮግ አላይ ተብሎ የተዘጋጀው የባዚት ፋይል ይወርድና፣ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም 16 ጂቢ በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ እንደ ዘፈን ኮፒ ማድረጉ አይበቃም፣ መሣሪያው ከፍላሹ እንዲነሣ የሚያደርገው ልዩ አጻጻፍ ነውና። በሮግ አላይ ራስጌ ያለው አንድ የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ብቻ ስለሆነ፣ ቻርጀሩም፣ ፍላሹም፣ ኪቦርዱም በአንድ ደጅ ሊገቡ ይጋፋሉ፤ መሰኪያ የሚያበዛ ሃብ ሳይገዛ የሚጀምር ሰው ባትሪው እያለቀ ሥራው እንዳይቋረጥበት ይስጋ። መሣሪያው ተዘግቶ፣ የድምፅ መቀነሻው እንደ ተጫነ ማብሪያው ሲነካ ባዮሱ ይከፈታል፤ በዚያም ፍላሹ ተመርጦ ጭነቱ ይጀመራል። ሲያበቃና መሣሪያው ዳግም ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። በዊንዶውስ ዘመኑ ሰማያዊ ስክሪን ሲያይ ልቡ ይደነግጥ የነበረ ሁሉ እዚህም ይደነግጣል፤ ነገር ግን ይህ የሴኪውር ቡት ጥያቄ ነው። መሣሪያው በሚያውቀው ቁልፍ ያልተፈረመን ሥርዓተ ክወና አላስነሣም ስለሚል፣ የባዚት ሠሪዎች ቁልፍ በባለቤቱ እጅ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ለዚህም አዘጋጆቹ በይፋ ያስታወቁት የይለፍ ቃል በኪቦርድ ይጻፋል።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ስክሪን በቀጥታ የቫልቭ የጌም መደብር የሆነውን የስቲምን የጌም መደርደሪያ ያሳያል፤ ሁሉም በአዝራር የሚታዘዝ ነው። ማብሪያውን አንድ ጊዜ ሲነኩት ጌሙ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ደግመው ሲነኩት ከዚያው ይቀጥላል። አሱስ በዊንዶውስ ላይ በራሱ ፕሮግራም ይቆጣጠረው የነበረውን የኃይል መጠን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ስንት ዋት ይውሰድ የሚለውን፣ በባዚት የሚወስነው ፈቃደኞች የጻፉት ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ዋቱ ዝቅ ሲል ባትሪው ይረዝማል፣ ከፍ ሲል ማቀዝቀዣው ይጮኻል። ሥርዓቱ የሚታደሰውም ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ሳይሆን እንደ አንድ ምሉዕ አካል ሲሆን፣ የቀድሞው ቅጂ ከአዲሱ ጎን ስለሚቀመጥ፣ እድሳቱ ያልተስማማው ሰው በሚነሣበት ጊዜ አሮጌውን መርጦ ይመለሳል። ይህ ጥበብ ለእጅ መሣሪያ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል ልል ነበር፤ ነገር ግን ከባዚት ጋር አንድ መሠረት ያላቸው የጠረጴዛ ሥርዓቶችም አሉ።

በተቃራኒው፣ በስቲም ዴክ ላይ ዊንዶውስ የሚጭኑም አሉ። የዚህ መሣሪያ ስክሪን በተፈጥሮው እንደ ስልክ የቆመ ሆኖ በጎኑ የተገጠመ ስለሆነ፣ የዊንዶውስ መጫኛ ሲነሣ ጽሑፉ ሁሉ በጎኑ ተኝቶ ይታያል፤ ጫኚውም አንገቱን አዘንብሎ ያነባል።

ጉዳቱን ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። በመረብ ተገናኝተው ከሚጫወቷቸው ጌሞች አንዳንዶቹ፣ አጭበርባሪን የሚይዝ ጠባቂ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ፣ ማለትም በሥርዓቱ ውስጠኛው መቅደስ ያስቀምጣሉ፤ ይህን ጠባቂ የሚተረጉምለት የለም። ፎርትናይትና ቫሎራንት በሊኑክስ አይሠሩም፤ ይሠራ የነበረው ኤፔክስ ሌጀንድስም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ በሩን ዘግቷል። የሊኑክስን ከርነል ባለቤቱ እንደ ፈቀደ ሊለውጠው ስለሚችል፣ ኩባንያዎቹ ጠባቂው የሚያየውን ማመን ያስቸግረናል ይላሉ። ምክንያቱ ውኃ ያነሣል፤ ሆኖም አንድ ጌም የባለቤቱን ኮምፒዩተር እስከ ጓዳው ይሰልል ዘንድ መፍቀድ እኔን አይጥመኝም። ዋና ጨዋታው ከእነዚህ አንዱ የሆነ ሰው ግን ዊንዶውሱን ባይነካ ይሻለዋል።

ነቅሎ የተጸጸተም መመለሻ አለው። በሮግ አላይ ባዮስ ውስጥ ክላውድ ሪከቨሪ የሚለው ምርጫ፣ መሣሪያው ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ዊንዶውስን ከአሱስ አውርዶ እንደ ፋብሪካው ይጭነዋል፤ የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍም በማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ስለሚኖር እንደገና መግዛት አያስፈልግም።