በደልን ስለ መጥላትና ለበደለኛው ስለ ማዘን

መጽሐፍ ማንበብ የለመደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳይደርስበት አይቀርም። ይኸውም በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሥራ ሲሠራ ያየውን ሰው፥ ንባቡን ሲጀምር እየጠላው፥ ሲጨርስ ግን እያዘነለት መገኘቱ ነው። ከዚህም የተነሣ በአንባቢዎች መካከል ክርክር ይነሣል። አንደኞቹ፥ ቀማኛውን ወይም ትዕቢተኛውን አሳዛኝ አድርጎ የሚያሳይ ድርሰት የወጣቶችን ልብ ያበላሻልና ክፉው በክፋቱ ብቻ ይታይ ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ፥ ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይጠፋምና ነውር የሌለበት ሰው የሚተረክበት መጽሐፍ የሰው ታሪክ አይባልም ይላሉ። ነገሩ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ ዛሬ በመጽሐፍ ውስጥ ባለ ሰው ላይ የሚፈርድ ሹም ነገ በችሎት ይፈርዳል፤ ዛሬ የበደለኛን ታሪክ የሚያነብ ካህን ነገ ንስሓ ይቀበላል።

ክርክሩን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ አገር፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ እንኳ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያውቃል። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል በየዓመቱ ይታሰባል።

ይህ ታሪክ እንዴት እንደ ተሰናዳ ማስተዋል ይገባል። ሰውዬው አስቀድሞ ስምዖን የተባለ፥ የቅምር ሰው፥ እንግዳ ተቀባይ ነበረ። ሰይጣንም ያሳተው በክፋቱ በኩል ሳይሆን በደግነቱ በኩል ገብቶ፥ በሥላሴ አምሳል እንግዳ ሆኖ መጥቶ፥ ልጁን እንዲያርድለት በመጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ አእምሮውን አጥቶ ሰው የሚበላ ሆነ፤ የበላቸውም 78 ነፍሳት ናቸው። በመጨረሻም አንድ የተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድም ቀን 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፥ ያ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ሆነው ተመዘኑ፤ እመቤታችንም ጥላዋን ስታሳርፍበት ውኃው መዘነ ይላል።

በዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። አንዱ፥ ጥርኝ ውኃ ከበቃ እንደ ልቤ ልኑር የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ ይህን ያህል ሰው ለፈጀ እንዴት ይታዘናል ብሎ የሚቈጣ ነው። ሁለቱም ሚዛኑን በደንብ አላዩትም። ታሪኩ የሟቾቹን ቍጥር አልደበቀም፤ አንድም አላጐደለም። ሬሳው ተሰውሮ ቢሆን ኖሮ ምሕረቱ ማታለል በሆነ ነበር። ደግሞም ታሪኩ ከመውደቁ በፊት የነበረውን ደግ ሰው አስቀድሞ ስላሳየን፥ የምናዝነው ለበላተኛው ሥራ ሳይሆን ለጠፋው ስምዖን ነው።

በዘመናችን ድርሰትም ይኸው ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ድል አድርገው የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ማርከው ወሰዱ፤ ልጁም እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ ወደ አባቱ አገር አልተመለሰም። የሸዋ ሰው እንግዲህ ለቴዎድሮስ የሚያለቅስበት ምክንያት ያለው አይመስልም። ነገር ግን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. ቴዎድሮስ የተባለውን ቴአትር፥ ብርሃኑ ዘርይሁንም በ1958 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ዕንባን ካሳተሙ ወዲህ፥ አባቶቹ በእኚህ ንጉሥ እጅ የተጨነቁበት ሰው ሳይቀር በመቅደላው ሞታቸው ያዝናል። ስለ አንድነት የነበራቸውን አሳብና የቍጣቸውን ብዛት አንድ ላይ ሲያይ፥ ትልቅ አሳብ ትዕግሥት ሲያጣ የሚደርስበትን ጥፋት ይማራል።

ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባወጡት ፍቅር እስከ መቃብር፥ ፊታውራሪ መሸሻን ገበሬውን የሚያስጨንቁ፥ በዘራቸው የሚኰሩ ሰው አድርገው አሳይተዋል። አንባቢው በመጀመሪያ ይሥቅባቸዋል፤ ቈይቶ ግን ያ ኵራት የገዛ ልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ዕድሜ እንዴት እንደ በላ ሲያይ ሣቁ ወደ ሐዘን ይለወጣል። ሆኖም ደራሲው የገበሬዎቹን ምሬት ስላልሸሸጉ፥ ለጌትዬው ያዘነ አንባቢ የጭሰኛውን በደል አይረሳም።

የዚህን ትምህርት ሥር ለመረዳት የመርሐቤቴን ልጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ማስታወስ ይገባል። በ1871 ዓ.ም. ተወልደው፥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፥ በ1931 ዓ.ም. በስደት በእንግሊዝ አገር ያረፉት እኚህ ሊቅ፥ በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤ የተባለውን ምሳሌያዊ ታሪክ አሳትመዋል። ርእሱ ራሱ ትምህርት ነው። ልብ ለሰው ወዳጁ ነው፤ ነገር ግን መጠበቅ የሚያስፈልገው ወዳጅ ነው። የገዛ ልቡን መሳት የሚያውቅ አንባቢ፥ በመጽሐፍ ውስጥ ያለውን በደለኛ እንደ ሩቅ ባዕድ አያየውም።

ስለዚህ መጽሐፍን ለመመዘን ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፥ ድርሰቱ የተበደሉትን ያሳያል ወይስ ይሰውራል? ሁለተኛ፥ በደለኛው ከክፋቱ በፊት ወይም ከክፋቱ ጋራ የነበረው ሰውነት ይታያል ወይስ አይታይም? የተበደለውን የሰወረ መጽሐፍ በደልን ያስወድዳል፤ የበደለኛውን ሰውነት የሰወረም ጭካኔን ያስተምራል። ሁለቱን የያዘ ግን አንባቢውን ሚዛን ያስይዘዋል።

ለበደለኛው ያላዘነ ዳኛ ቅጣቱን ያበዛል፤ የተበደለውን የረሳ ዳኛም ፍርዱን ይሸጣል። ካህንም ኀጢአቱን ካቀለለ ነፍስን ያጠፋል፤ ኀጢአተኛውን ከናቀም ነፍስን ያባርራል። እንግዲህ በመጽሐፍ የሚለመደው ሐዘን የስንፍና ሐዘን እንዳይሆን፥ 78ቱን ነፍሳትና ጥርኟን ውኃ በአንድ ሚዛን ላይ አይቶ ሁለቱንም መቍጠር ይገባል።