ዋይፋይ ሰርቪስ ቤት አልደርስ ሲል፦ ተረትና እውነታ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባለ የቆየ ግቢ ኢንተርኔት ሲገባ፣ ራውተሩ ብዙ ጊዜ መስመሩ በገባበት የሳሎን ጥግ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ቡፌው ውስጥ ይቀመጥና ሳሎን ላለው ሰው እንደ ልብ ይሠራል፤ ጓዳ ሲደርስ ይዳከማል፤ ከግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ጨርሶ አይስብም። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የታወቀ ነው፦ «ፍጥነቱን እናሳድገው።» ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ ሰርቪስ ቤቱ እንደነበረው ይቀራል።

የሚገዛው ፍጥነት እስከ ራውተሩ ድረስ ያለው ነው። ከራውተሩ እስከ ስልኩ ያለውን መንገድ የሚወስኑት ግድግዳው፣ በሩና ርቀቱ ናቸው። ሁለቱን መለየት አያስቸግርም፦ ራውተሩ አጠገብ፣ ቢቻል ኮምፒውተር በኬብል አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ነው። እዚያም ከቀረፈፈ ችግሩ ከመስመሩ ሊሆን ስለሚችል ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ይገባል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ይደውላል። ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ሆኖ ጓዳ ውስጥ ከወደቀ ግን ጥፋቱ ቤቱ ውስጥ ነው።

«የጭቃ ቤት ስለሆነ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጭቃው ያለ ስሙ ስም ተሰጥቶታል። የደረቀ ጭቃና እንጨት ሞገዱን ያዳክማሉ እንጂ አይዘጉትም። በክረምት እርጥበት የጠጣ ግድግዳ በእርግጥ ይብሳል፣ ውኃ ሞገዱን ይውጣልና። ዋናው ጠላት ብረት ነው፦ የሲሚንቶ ልስኑ እንዲይዝ ጭቃው ላይ የተመታ የሽቦ መረብ፣ የላሜራ በር፣ በቆርቆሮ የተከለለ ሰርቪስ፣ ጀርባው መስታወት የሆነ ቡፌ ሳይቀር። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስስ ቆርቆሮ ከወፍራም የጭቃ ግድግዳ ይበልጥ የሚከለክለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ራውተሩን ከቡፌው አውጥቶ ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ግቢው በሚያይ መስኮት አቅጣጫ ማዛወር ምንም ሳያስወጣ ልዩነት የሚያመጣውም ለዚህ ነው።

«አንቴናው የበዛ ራውተር ሩቅ ይደርሳል» የሚለውም ገበያ ላይ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። የዋይፋይ የማሰራጫ ኃይል በደንብ የተገደበ ነው፤ በአውሮፓ ለምሳሌ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ100 ሚሊዋት እንዲያልፍ አይፈቀድም። የአንቴናው ብዛት በዋናነት የሚያግዘው ፍጥነትን ነው።

ፎይል ከራውተሩ ጀርባ ማቆምስ? ይህኛው ከወሬ ያልፋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በአሉሚኒየም የተሸፈነ፣ ለቤቱ ተብሎ የተቀረጸ አንጸባራቂ ሞገዱን ወደሚፈለገው ክፍል እንደሚመራ አሳይተዋል። አዲስ ኃይል ግን አይጨምርም፤ ለአንዱ ክፍል ሲያደላ ከሌላው ይቀንሳል።

የዋይፋይ ስም ላይ «5ጂ» የሚል ስላዩ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጀመረው የሞባይል 5ጂ የሚመስላቸውም አሉ። ይሄኛው 5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ሲያልፍ ግን ከ2.4ቱ ቀድሞ ይደክማል። ለጓዳ 2.4ቱን መምረጥ ይሻላል። ቤቶቹ በተጠጋጉበት ሰፈር የጎረቤት ራውተሮች ይህንኑ ሞገድ ይሻማሉ፤ ስለዚህ ከማይደራረቡት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች ሰው ያልበዛበትን መርጦ ማስተካከል ይጠቅማል።

ሪፒተር የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩ በጠፋበት ክፍል ይሰኩታል። ያልደረሰውን ሞገድ ከየት አምጥቶ ይደግመዋል? ቦታው መሐል ላይ፣ ሞገዱ ገና ሳይደክም ነው። እዚያም ቢሆን ባለ አንድ ሞገድ ሪፒተር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ በዚያው ሞገድ ይቀበላልም ይልካልም።

በላሜራ በርና በቆርቆሮ ለተከለለ ሰርቪስ ቤት ሁነኛው መፍትሔ ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ለአብዛኛው ግቢ ይተርፋል። ጫፉ ላይ ሥራ የፈታ አሮጌ ራውተር በላን ቀዳዳው ይሰካል፤ አድራሻ ማደያው (DHCP) ይዘጋል፤ የራሱ አድራሻም ከዋናው እንዳይጋጭ ይቀየራል። ግቢውን የሚያቋርጠው ኬብል ለውጭ የተሠራ፣ ከመብራት መስመር የራቀ ይሁን። የፋይበር መስመር የገባለት ቤት ግን ፋይበሩን ራሱ አይንካ፤ በጠባቡ ሲታጠፍ ይሰበራልና። ጥቅል ለማሳደግ የታሰበው ብር በቅድሚያ ለዚህ ኬብል ይዋል።