ጥልቀት የሌለው ውሃ የዓሣ ማሳደጊያ ነው





ተማሪዎቼን «የባሕር ዓሣ የት ያድጋል?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ «በጥልቁ ውስጥ» ይሉኛል። ይህ አሳብ በትልልቆችም ዘንድ ስላለ ጭቃማው የባሕር ዳር እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ ዋደን የሚባል ጥልቀት የሌለው ባሕር አለ። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ ጭቃው ተገልጦ ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ፕሌስ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በብርድ ወራት እንቁላሉን የሚጥለው ከዚያ ርቆ በሰሜን ባሕር ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹን ግን የባሕሩ ጅረት ወደ ዳር ያደርሳቸዋል። በዚያ ውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ ትልም ሞልቷል፤ ትልልቁ ዓሣም እንደ ልቡ ገብቶ ሊበላቸው አይችልም። ጠንከር ሲሉ ወደ ጥልቁ ይሄዳሉ። እንግዲህ አጥማጁ ከመካከለኛው ባሕር የሚያወጣው ዓሣ በዳር ጭቃ ላይ ያደገ ነው ማለት ነው።

ዳሩ ሲዘጋ የሚሆነውን ሆላንዶች አይተውታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. 32 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ግድብ ሠርተው ዞይደርዜ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ ዘጉት። አገሩን ከባሕር ጎርፍ መጠበቁ፣ ሰፊ እርሻም ማስገኘቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ወሽመጡ ጨው የሌለው ሐይቅ ሆነና በየጸደዩ ሊራባ ይመጣ የነበረው ሄሪንግ ጠፋ። መንግሥቱ ጉዳቱን አስቀድሞ በማሰብ በ1925 ዓ.ም. አጥማጆቹን የሚረዳ ሕግ አውጥቶ ነበር። ለሰዎቹ ገንዘብ ተሰጠ፤ ለዓሣው ግን የሚሰጠው ሌላ ወሽመጥ አልነበረም።

እኛ ዛሬ ባሕር ባይኖረን ሐይቆች አሉን። በጣናም ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፤ ልጆቹም በደንገሉና በሣሩ መካከል ተሸሽገው ያድጋሉ። ደንገሉ ተመንጥሮ ዳሩ ሲታረስ የሚጠፋው ሣር ብቻ አይደለም፤ የነገው መረብ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ የሐይቅ ዳር መሬት ለመስጠት የሚፈርሙ ሹማምንት በመዝገቡ ላይ «ጠፍ መሬት» ብለው ከመጻፋቸው በፊት የዓሣ ባለሙያውንና የአካባቢውን አጥማጅ ይጠይቁ ዘንድ አሳስባለሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር