የዓሊ ቢራ ድምፅ ወራሽ

ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አርፎ በትውልድ ከተማው በድሬዳዋ ተቀበረ። በልጅነቱ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው ይህ ዘፋኝ ከአፋን ኦሮሞ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ተጫውቷል። ካሴቶቹ ዛሬም ይደመጣሉ። በሕይወት እያለ ያልዘፈነውን ኮምፒውተር ቢያዘፍነውስ?

ይህ ከእንግዲህ ምኞት አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2015 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው «ቫል-ኢ» የተባለ ፕሮግራም የ3 ሰከንድ ቅጂ ከሰጡት በዚያው ሰው ድምፅ የፈለጉትን ጽሑፍ ያነባል። የሠለጠነው 60,000 ሰዓት ያህል በሚሆን የእንግሊዝኛ ንባብ ነው፤ አብዛኛው የመጻሕፍት ትረካ። በ3ቱ ሰከንድ ውስጥ ያልሰማውን ሁሉ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን፣ ቃል የሚጎተትበትን፣ ከእነዚያ አንባቢዎች ልማድ ይገምታል። እንዲህ የሚሠራ «ዓሊ» ላይ ላዩ ዓሊ፣ ውስጡ ግን ድሬን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ ተራኪዎች ናቸው።

ቴክኖሎጂው ሁሉ ይህን ያደርጋል ማለቴ አይደለም። የሙዚቃ ቡድኑ ቢትልስ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. «ናው ኤንድ ዜን» የተባለውን ዘፈን ሲያወጡ የተሰማው የሟቹ አባላቸው የጆን ሌነን የራሱ ድምፅ ነው። ሌነን ቤቱ ቁጭ ብሎ በካሴት ከቀዳው ላይ ኮምፒውተሩ ፒያኖውን ከድምፁ ለየለት፤ የጨመረበት ቃል የለም። የድሬ ሰዎች ሳጥን ውስጥ ያረጁ የዓሊ ካሴቶችም እንዲህ ቢጸዱ እሰየው ነው። ማጽዳት ሌላ፣ መፈብረክ ሌላ።

ሕጋችንስ? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰትን ደራሲው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሟች ፎቶግራፍ ወይም ምስል ክብሩን በሚነካ መንገድ ቢወጣ ቤተሰቡ እንዲቃወም ፈቅዷል። ከስድሳ ዓመት በፊት ለተጻፈ ሕግ አርቆ ማየት ነው። ያም ሆኖ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ምስል ነው፤ ድምፅን አያነሳም። የተፈበረከ ዘፈን ደግሞ ከየትኛውም ካሴት ያልተቀዳ ነው ተብሎ መሟገት ይቻላል።

ጉዳዩ የዝነኞች ብቻም አይደለም። በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ያለች እናት ውጭ አገር ላለ ልጇ በስልክ የምትልከው የድምፅ መልእክት ከ3 ሰከንድ ይበልጣል። እሷ ካለፈች በኋላ አንዱ ልጅ በማሽን የተሠራው ድምፅዋ ያናግረኝ፣ ሌላው ይቅር ቢል ማን ይወስናል? እኔ ልጆቹ አይደሉም ባይ ነኝ፤ ባለ ድምፁ ነው፣ ያውም በቁሙ። ዛሬ ስቱዲዮ የሚገቡ ድምፃውያንም ውላቸው ላይ «ድምፄ ያለ ፈቃዴ ለማሽን ማሠልጠኛ አይውልም» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ይችላሉ፤ ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም።