ከቀረጻ በኋላ የሚነደፍ ስቶሪቦርድ፦ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንደ ማሳያ

ስቶሪቦርድ ይበልጥ የሚታወቀው የቀረጻ ዕቅድ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሠዓሊዎች ትዕይንቶችን በቁራጭ ወረቀት ነድፈው፣ በሰሌዳ ላይ በተርታ በመለጠፍ ታሪኩ የት እንደሚንዛዛ አስቀድመው ይለዩ ነበር። በዘጋቢ ፊልም ግን ሁነቱን የሚመራው አዘጋጁ ስላልሆነ፣ ንድፉ ይበልጥ የሚጠቅመው ከቀረጻ በኋላ፣ በቅንብር ጊዜ ነው።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረውን በዓል እንውሰድ። ያመለጠ ሾት እስከ መጪው ጥር አይገኝም። በእጅ ያለው ምስል ደግሞ የሰዓታት ነው። በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ አቀናባሪ ዓይን የሚስበውን ሽምጥ ግልቢያ አስቀድሞ፣ ፈረስ የሚሸለምበትን ረጅም ዝግጅት ወደ ኋላ ሊጥለው ወይም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ለሥነ ሰብእ ጥናት የተዛባ ቅደም ተከተል የተዛባ መረጃ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሾት አንድ ካርድ ይዘጋጃል፤ ንድፉ ሻካራ ቢሆንም አይከፋም። ከሥሩ የፋይሉ ስም፣ ታይምኮዱና የተቀረጸበት ሰዓት ይጻፋል። የእንቅስቃሴ አቅጣጫ በቀስት ይመለከታል። የቀስቱ ጥቅም በተለይ በጉግስ ይታያል፦ ሁለት ካሜራዎች ከሜዳው በተቃራኒ ጎኖች ከቆሙ፣ ያው ፈረስ በአንዱ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ይጋልባል። ሁለቱ ሾቶች ሲቀጣጠሉ አሳዳጁና ተሳዳጁ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ይመስላሉ። ይህ የውበት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የጨዋታውን ትርጉም የሚለውጥ ስሕተት ነው። ካርዶቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግጭቱ ወዲያው ይታያል፤ በመካከል ፈረሱ ፊት ለፊት የሚመጣበት ሾት ወይም የተመልካች ፊት ይገባል።

(የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፈፎች፣ ከሥራቸው ጽሑፍ እያኖሩ የሚሥሉት ሠዓሊዎቻችን ይህን አደራደር ከማንም ቀድመው ያውቁታል። የእነርሱ ሥዕል ግን ፍጻሜ ያገኘ ሥራ ነው፤ የእኛ ካርድ ሊነሣና ሊዛወር የተዘጋጀ ነው።)

ስቶሪቦርድ ድምፅን ማሳየት አይችልም፤ የሾት ርዝማኔንም በሚገባ አያሳይም። ስለዚህ ሽለላውና ፉከራው የሚቆረጥበት ቦታ በጆሮ እንጂ በካርድ አይወሰንም። ከሰዓቱ ቅደም ተከተል የወጣ ሾት ካርዱ በቀይ ይሰመርበታል፤ ላልተቀረጸው ክንውን ባዶ ካርድ በቦታው ይቀመጣል። የመጨረሻው አደራደር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከጥሬው ምስል ጋር ቢቀመጥ፣ ተከታዩ ተመራማሪ ምን እንደተዛወረና ምን እንደቀረ መመርመር ይችላል።