ወልቀፊት ለምን አውሮፓ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች?

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ደጋው ድንገት ያልቃል። መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። መንገዱን የቀደዱት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው፤ አፋፉ ላይ ያለችው ወልቀፊትም ምሽጋቸው ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ወልቀፊት ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። አርበኞች ክረምቱን ሙሉ ከበዋት ቆዩ፤ ከኬንያና ከሌሎች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጡ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችም ተቀላቀሏቸው። በመጨረሻ የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ጎኔላ 3000 የሚያህሉ ጣሊያኖችና ቅጥር ወታደሮች ይዞ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ጎንደር ወደቀች፤ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛትም በዚያው አበቃ።

አንድ የዳባት ልጅ ይህን ታሪክ ፍለጋ ላይብረሪ ገባ። የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ ወስዷል፤ ሞጁሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቧል። ኢትዮጵያ የሚለው መደርደሪያ ፊት ቆሞ እያንዳንዱን መጽሐፍ ሲያገላብጥ ዋለ። ያገኘው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። አውሮፓ ወደሚለው መደርደሪያ ወስጄ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት መጻሕፍት ሳሳየው ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ወልቀፊት እኮ እኛ ጋ ናት፤ አውሮፓ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የያዘ ሰው የዓለምን ታሪክ በየትኛውም ላይብረሪ ውስጥ መፈለግ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

በብዙ ላይብረሪዎች መጽሐፍ ጀርባ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የአሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ ሥራ ነው። ዲዊ አከፋፈሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1876፣ አድዋ ከመድረሱ 20 ዓመት በፊት ነው። ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ሲደለድል ለታሪክና ለጂኦግራፊ የ900ዎቹን ቤት ሰጠ። 909 የዓለም ታሪክ በጥቅሉ ነው። 930ዎቹ የጥንቱን ዓለም፣ 940ዎቹ አውሮፓን፣ 950ዎቹ እስያን፣ 960ዎቹ አፍሪካን፣ 970ዎቹ ሰሜን አሜሪካን፣ 980ዎቹ ደቡብ አሜሪካን ይይዛሉ። የቀረው ዓለም 990ዎቹ ውስጥ ተሰብስቧል። የኛ ቁጥር 963 ነው፤ ከኤርትራ ጋር እንጋራዋለን።

ቁጥሩን ካርታ ነው ብሎ ማሰብ ይጠቅማል፤ ግን የተሣለው ከአንድ ወገን ሆኖ ነው። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የተመደቡት 940 ውስጥ ነው፤ ጦርነቱ ከአውሮፓ ተነሣ ተብሎ። ስለዚህ ቶብሩክም፣ በርማም፣ ከረንም፣ ወልቀፊትም 940.54 ላይ ይገኛሉ። የ1928ቱ ወረራ ግን 963 ላይ ነው። አንድ አርበኛ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ተዋግቶ ከሆነ የትግሉ መጀመሪያ አፍሪካ፣ መጨረሻው አውሮፓ መደርደሪያ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ 963 ላይ ሲያጣው «መጽሐፍ የለም» ብሎ ይመለሳል። መጽሐፉ ግን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

ሀገርን በዘመን መክፈልም ሌላው የሚያሳስት ነገር ነው። የፈርዖኖች ግብፅ 932 ላይ ናት፤ የማምሉኮችና የናስር ግብፅ 962። ጥንታዊት ቻይና 931፣ የኋለኛዋ 951። ሕንድም 934 እና 954 ላይ ተከፍላለች። ስለ አንድ አገር ሙሉ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ሁለት ቦታ መሄድ አለበት። የአሜሪካ ምክር ቤት ላይብረሪ አከፋፈል በሚሠራበት ቤት ደግሞ በቁጥር ፈንታ ፊደል ይቀድማል፤ አፍሪካ በዲ.ቲ.፣ እስያ በዲ.ኤስ. ይጀምራሉ። ፊደሉ ቢለያይም በአካባቢ መቁረጡ ያው ነው።

ታሪክ ግን በአካባቢ አልተቆረጠም። ለዚህ ከሰሜን ተራሮች የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል ፖርቱጋሎች ከኢማም አሕመድ ጋር ይዋጋ የነበረውን አፄ ገላውዴዎስን ሊረዱ ምጽዋ ወረዱ። መሪያቸው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ፣ የሕንድን የባሕር መንገድ ለአውሮፓ የከፈተው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነበር። የመጡት ከሊዝበን በቀጥታ አይደለም፤ ከሕንድ፣ ከጎአ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ዳ ጋማ ወደ ሰሜን ተራራ ወጥቶ የቤተ እስራኤልን አምባ ያዘ፤ የፈለገው ፈረስ ነበር። ኢማም አሕመድ በበኩሉ ከየመን የኦቶማን ነፍጠኞችና መድፍ አስመጣ። በዚያው ክረምት ማብቂያ ዳ ጋማ ተሸንፎ ተማረከ፤ ተገደለም። ከወራት በኋላ ግን አፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ።

ይህን ታሪክ መደርደሪያ ላይ ፈልጉት። የፖርቱጋል ታሪክ 946.9 ነው። ጎአ ሕንድ ስለሆነች 954። ኦቶማኖች 956 ላይ ናቸው፣ የመን 953 ላይ፣ ኢትዮጵያ 963 ላይ። አንድ ዘመቻ አምስት ቦታ ተበትኗል። አምስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያሰባሰበ ተማሪ ግን 963 ብቻውን የማያሳየውን ነገር ያያል፦ ሊዝበንና ኢስታንቡል በሕንድ ውቅያኖስ ቅመም ንግድ ላይ ይጣሉ ነበር፤ የሰሜኑ ፈረስ ፍለጋ የዚያ ትልቅ ጠብ አንድ ጥግ ነው። በኛ መጽሐፍ ዳ ጋማ ሊረዳን የመጣ ክርስቲያን ነው። በሕንድ መጻሕፍት ውስጥ አባቱ ካሊከት ወደብን በመድፍ የደበደበ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ነው ዓለም አቀፍ ታሪክ የሚባለው።

ስለዚህ የኔ ምክር 909ን አንሥቶ ከመጀመሪያው ገጽ መግፋት አይደለም። ያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ አፍሪካ በጥቂት ምዕራፍ ታልፋለች፤ ተማሪው ሜሶጶጣሚያ ላይ ሳለ ይደክመዋል። ከእግራችሁ ሥር ካለው ቦታ ተነሡ፤ አንድ ክስተት ያዙና «እነማን መጡ? ከየት? ምን ይዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ መልስ ወደ አንድ መደርደሪያ ይመራል።

ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚወስደው መንገድ ለምሳሌ ከደባርቅ ገበያ ይነሣል። የደጋው ድንች የመጣው ከአንዲስ ተራሮች ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 እንደሆነ ይጠቀሳል። ይኸው ሺምፐር ለሰሜን ገዢ ለደጃዝማች ውቤ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ረድቷል፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብሎ ነገሠ። ፔሩ 985 ላይ ናት። ከድንች ተነሥቶ ኢንካዎች ላይ የደረሰ ተማሪ በተራራ እርከን ላይ የሚያርስ፣ ውርጭ የሚፈራ፣ እህሉን ለክፉ ቀን የሚያከማች ሕዝብ ያገኛል። ለጃናሞራ ልጅ ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

ከታሪክ መደርደሪያ ውጭ የቀሩ የታሪክ መጻሕፍት መኖራቸውም አይረሳ። ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ መጽሐፉ ግን የጉዞ መጽሐፍ ስለሆነ የሚገባው 916.3 ላይ ነው። ፍራንክፈርቴው ኤድዋርድ ሩፐል በ1820ዎቹ ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን አጥንቶ ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋወቀ፤ እሱን የሚፈልግ ሰው ወደ እንስሳት መጻሕፍት ጎራ ማለት አለበት። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ የሰሜንን ስም ይዟል።

ከዚህ ሁሉ በፊትም ሰሜን በዓለም መጽሐፍ ላይ ነበረች። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ላይ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር ከወንዝ ማዶ፣ በረዶ በማይለየው ተራራ ላይ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች ይጠራል። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ የኮስማስ ቅጂ ግን ተርፏል። የሰሜን ልጅ ስለ ሮማና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ሲያነብ እንግዳ አይደለም፤ የአያቶቹ ስም እዚያው ሰነድ ውስጥ አለ።

የዓለም ታሪክ መጻፍና ማንበብም ከፈረንጅ የተማርነው አዲስ ነገር አይደለም። የሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊ ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቂዩ ከአዳም ጀምሮ ዐረቦች ግብፅን እስከያዙበት ድረስ ያለውን ታሪክ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ የለም፤ የዐረብኛው ትርጉምም ጠፍቷል። የቀረው እ.ኤ.አ. በ1602 የተዘጋጀው የግዕዝ ትርጉም ብቻ ነው። ስለ ግብፅ መያዝ የሚጽፉ የዓለም ምሁራን ዛሬ ድረስ ይህን የግዕዝ መጽሐፍ ይጠቅሳሉ። ግዕዝ የሚያነብ የደብር ተማሪ፣ ብዙ ፕሮፌሰሮች በትርጉም ብቻ የሚያውቁትን ምንጭ በቀጥታ ማንበብ ይችላል ማለት ነው።

መጽሐፎቹ ከየት ይምጡ? የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ስለጀመረ ዕድሜ አለው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ላይብረሪ፣ አራት ኪሎ አብርሆትን ያገኛል። በየትምህርት ቤቱ ያለው መጽሐፍ ግን በብዛት እርዳታ ነው፤ እርዳታ ደግሞ የሰጪውን አገር ታሪክ ይዞ ይመጣል። 970 የሞላበት፣ 960 የሳሳበት ክፍል ብዙ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል። የኬንያ ወታደር ወልቀፊት ላይ ተዋግቷል፤ ስለ ኬንያ ግን አንድ መጽሐፍ የለም።

ለዚህ ቀዳዳ የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ዩኔስኮ ያሳተመው ስምንት ቅጽ የአፍሪካ ታሪክ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ አብዛኞቹ አዘጋጆች አፍሪካውያን ናቸው፤ ሙሉው ፒዲኤፍ በነፃ ይገኛል። ሁለተኛው ቅጽ ውስጥ የክርስቲያን አክሱምን ምዕራፍ የጻፉት ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው፤ አራተኛው ቅጽ ውስጥ ስለ አፍሪካ ቀንድ ታደሰ ታምራት ጽፈዋል። ኔትወርክ ባለበት ቀን አንድ ሰው ያውርደው፤ ከዚያ በፍላሽ ከዳባት ደባርቅ፣ ከደባርቅ አዲ አርቃይ መድረስ ይችላል።

ፍለጋው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያደናቅፈው ግን የመጽሐፍ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ስምና ዓመትም ናቸው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን እኛ ባሕሩ ብለን እንፈልጋለን፤ የውጭ ካታሎግ አንዳንዴ ዘውዴ ብሎ ያስቀምጣቸዋል። የዩኔስኮው ቅጽም ታደሰን በመጀመሪያ ፊደላቸው አሳጥሮ ታምራትን ሙሉ ጽፎታል። ዓመቱ ደግሞ ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል፤ የወልቀፊትን 1934 ይዞ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚገልጥ ልጅ ከወረራው በፊት የተነሣው የወልወል ግጭት ላይ ይወድቃል፤ ወረራው ገና ያልጀመረበት ዓመት ነው። መፈለግ ያለበት 1941ን ነው።

ያ የዳባት ልጅ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ 940.54 ላይ ቆሞ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረደ። ከኋላው ማውጫ ውስጥ ወልቀፊትን በደብልዩ ፈለጋት፤ የለችም። «በጣሊያኖቹ አጻጻፍ ሞክር» አልኩት፤ እነሱ የሚጀምሩት በዩ ፊደል ነው። ጣቱን ወደ ላይ መለሰና በቀስታ ወረደ። ከኡራልና ከኡጋንዳ መካከል አገኛት፤ አጠገቧ ሦስት የገጽ ቁጥሮች ነበሩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።